ማስተካከያ፦ ስለ አምፖል የጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ

ባለፈው እዚህ ቱሉ ዲምቱ ቤቴ ውስጥ የድሮዎቹን ቢጫ አምፖሎች በኤልኢዲ ስለመቀየሬ ጽፌ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

የ60 ዋቱን የሚተካው 15 ዋት ኤልኢዲ ነው ብያለሁ። አይደለም። ከ13 እስከ 15 ዋት የሚባለው ለዚያ ለተጠማዘዘው፣ በተለምዶ ኃይል ቆጣቢ ለምንለው ነው። ኤልኢዲ ከሆነ 9 ዋት ገደማ ይበቃል። እኔ 15ቱን መኝታ ቤት ሰቅዬ ክፍሉ ኳስ ሜዳ መስሎ ነበር። ስትገዙ ዋቱን ብቻ አትዩ፣ ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚል አለ፣ የብርሃኑ መጠን ማለት ነው፤ ለድሮው 60 ዋት 800 አካባቢ ፈልጉ።

ሂሳቡም በዚያው ተበላሽቷል። ሦስት ባለ 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 27 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ሦስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 4 ብቻ። ካርድ ለሚሞላ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይታያል (መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው)።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ኤልኢዲ ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ነገር አለ ብዬ አስፈራርቻችኋለሁ። ሜርኩሪ ያለው የተጠማዘዘው ውስጥ ነው፣ መጠኑም ጥቂት ሚሊግራም ነው። እሱ ቢሰበር ልጆቹን አስወጡ፣ መስኮት ከፍታችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ አንሱት፣ ጨርቁንም አብራችሁ ጣሉት።