እርማት፦ ለአርክቴክቸር ተማሪ ማክቡክ?

«አርክቴክቸር ለሚገባ ልጅ ማክቡክ ነው የሚገዛለት» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ማክቡክ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ስክሪኑ እኔንም ያስቀናኛል። ግን ሬቪትና ስሪዲ ማክስ የሚባሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ሌሎቹ የንድፍ ሶፍትዌሮች፣ አውቶካድ፣ ስኬችአፕ፣ ራይኖና አርኪካድ፣ በማክም አሉ። ድሮ ቡት ካምፕ በሚባል የአፕል ፕሮግራም ማክ ላይ ዊንዶውስ ይጫን ነበር፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በመጡት የአፕል ቺፕ ባላቸው ማኮች ግን ያ ቀርቷል። እኔ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልኝን ማክ ይዤ ገብቼ፣ ሬቪት ሲመጣ የዶርም ጓደኛዬ እስኪተኛ ጠብቄ በእሱ ላፕቶፕ ነው ፕሮጀክቴን የጨረስኩት። ይልቅ 16 ጂቢ ራምና ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ፈልግለት። ክራክም (ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ) አታስጭንለት፤ የሬቪት፣ የስሪዲ ማክስና የአውቶካድ ባለቤት አውቶዴስክ ተማሪነቱን ላረጋገጠ በነፃ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ማደስ ብቻ ነው።