በአየር የመጣ ጉርሻ

ትናንት ማታ የበላሁት እስካሁን አልወረደልኝም። በላሁ ማለት ከተቻለ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት አለ። ላውንደሪና ጥፍር መሥሪያ ቤት መሃል የተሸጎጠ። ሰው የሚሄደው ለሱሺው አይደለም፤ ፊቱ ቆሞ በጋለ ብረት ላይ ለሚጠብሰው ሼፍ ነው። አሜሪካኖቹ «ሂባቺ» ይሉታል። ጃፓኖች ግን ሂባቺ የሚሉት የከሰል ማንደጃቸውን ነው፤ ይሄኛው ቴፓንያኪ ይባላል። በስሙ እንኳ ተሸውደናል።

የጓደኛዬ ልጅ ልደት ነበር። ስምንት ሆነን ሄድን። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ከመሃላችን የምንጾመው እኔና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ ብቻ ነን። ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ አለ፣ አትክልት አለ፣ ሩዝ አለ፤ ምን ቸገረን ብዬ ይዣቸው ሄድኩ።

መጀመሪያ ሚሶ ሾርባ መጣ። «አኩሪ አተር ነው፣ የጾም ነው» ብዬ አቀረብኩላቸው። ሁለት ማንኪያ ቀመሱና ቀና አሉ። «ይሄ ነገር ዓሣ ዓሣ አይልም?»

አስተናጋጇን ጠየቅኋት። «ቬጂቴሪያን ነው» አለች። ስጨቀጭቃት ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ መጣች። መረቁ የደረቀ ዓሣ ነው! ለካ ዳሺ የሚሉት እሱ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታመጡብኝ። አክስቴ አይበሉም፣ አለቀ። የሚያበግነኝ ደግሞ ጃፓኖች የጾም ምግብ አጥተው አለመሆኑ ነው። የቡድሃ መነኮሳቱ ሾጂን ርዮሪ የሚሉት፣ ሥጋም ዓሣም የማይገባበት ምግብ አላቸው። መረቁን ከባሕር ቅጠልና ከእንጉዳይ ያወጡታል። ታዲያ እኛ ሰፈር ሲደርስ ምን ነካው?

ከዚያ ሼፉ ጋሪውን እየገፋ መጣ። የሽንኩርት ቀለበት ደራርቦ፣ ዘይት ጨምሮ፣ እሳት ለቀቀበት። ልጆቹ ጮኹ። እውነት ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። ቀጥሎ ጡብ የሚያህል ቅቤ ብረቱ ላይ ዘረገፈ። ዶሮው እዚያ፣ እንቁላሉ እዚያ፣ ሩዙ እዚያ። «የሁለታችን ለብቻ፣ በዘይት» ብዬ አስቀድሜ ነግሬው አውራ ጣቱን አሳይቶኝ ነበር። ብረቱን አንዴ ጫር ጫር አደረገና የእኛንም አትክልት እዚያው ቅቤ ላይ ደፋው።

ይሄም ይሁን። ሰውዬው ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት በጠፍጣፋ ማንኪያው እያነሳ ወደ ሰው አፍ መወርወር ጀመረ። ሽሪምፕ እንኳን በጾም፣ በፍስኩም አክስቴ ፊት አይነሣም። እኔ የማውቀው ጉርሻ ተጠቅልሎ፣ «በሞቴ» ተብሎ፣ በእጅ የሚመጣውን ነው። ተራዬ ሲደርስ እጄን አወዛወዝኩ። አልገባውም። «አልበላም» ልል አፌን ስከፍት ዝግጁ የሆንኩ መሰለው። ሽሪምፗ ጥርሴን መትታ ሸሚዜ ላይ አረፈች። ጠረጴዛው በሙሉ አጨበጨበ። አክስቴ አማተቡ።

ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ የእኛ ነገር ታውቁታላችሁ፣ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ግብግብ ሆነ። እንዳልቀደም ብዬ ሳላነብ ካርዴን ሰጠሁ። ታብሌቱ ለቲፕ 18፣ 20፣ 25 በመቶ እያለ አፈጠጠብኝ። አስተናጋጇ አጠገቤ ቆማለች። 20ውን ነካሁት።

ቤት ገብተን አክስቴ ሽሮ ሲያሞቁ ደረሰኙን አወጣሁ። 6 በመቶ የሜሪላንድ ታክስ፣ እሺ። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ከ6 ሰው በላይ ስለሆናችሁ 18 በመቶ ጉርሻ ተጨምሯል ይላል። የእኔ 20 በላዩ ላይ ነው! እዚህ አገር አስተናጋጅ የሚኖረው በቲፕ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ለሷ አልሰስትም። ግን ያንን ታብሌት ስትዘረጋልኝ «ተከፍሏል» የሚል ቃል ከአፏ ቢወጣ ምን ነበረበት? ጃፓን ውስጥ ቲፕ መስጠት ልማድ እንኳ አይደለም። ሁሉን ቀይረው ሲያበቁ ይህችን ብቻ እንኳ እንዳለች ቢያመጧት ምናለ!

«38 በመቶ ጉርሻ ከፈልኩ» አልኳቸው አክስቴን።

ሽሮውን እያማሰሉ ዞር አሉ። «ለዚያች ለአንዲት ትል? ያውም ሳትውጣት!»