ዳኞቹ ጋ ስንደርስ አንለፍ

ስለ አሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት አንድ ጽሑፍ ላይ «ኮሎራዶ ውስጥ ዳኛ የሚመርጠው ሕዝብ ነው» የተባለው ትንሽ መታረም አለበት። ያ እ.ኤ.አ. በ1966 ቀርቷል። አሁን አንድ ኮሚሽን አመልካቾችን አጣርቶ 2 ወይም 3 ስም ያቀርባል፤ አገረ ገዥው አንዱን ይሾማል። የኛ ድምፅ የሚመጣው በኋላ ነው። ዳኛው ቢያንስ 2 ዓመት ከሠራ በኋላ «ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ተብለን እንጠየቃለን። ከዚያ የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ በየ6 ዓመቱ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየ10 ዓመቱ እንደገና ለድምፅ ይቀርባል።

የምኖረው አውሮራ ነው። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ ፕሬዚዳንቱ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ይከራከራል። የዳኞቹ ስም ጋ ስንደርስ ግን ዝም። እኔም ለዓመታት ባዶውን ነበር የምመልሰው። አንድ ቀን እዚሁ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከምርጫ በፊት የሚላክልንን ሰማያዊ መጽሐፍ ገለጥኩት። ለካ እያንዳንዱ ዳኛ ተገምግሟል! ገምጋሚዎቹ ጠበቆች ብቻ አይደሉም፤ ሕግ ያልተማሩ ነዋሪዎችም አሉበት። ችሎት ገብተው ይታዘባሉ፣ የጻፈውን ውሳኔ ያነባሉ፣ ፊቱ የቀረቡ ሰዎችን አስተያየት ያያሉ። ከዚያ መስፈርቱን «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ይላሉ። ለአንድ ዳኛ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እባካችሁ አንብቡት። ነገ የልጆቻችንን ጉዳይ የሚያየው ይሄው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የዳኞችን የሥነ ምግባር ክስ የሚያይ ራሱን የቻለ ቦርድ እንዲቋቋም ድምፅ ሰጥተናል። ዳኛ አመናጨቀኝ፣ አዳላብኝ የሚል ሰው ለዳኞች ሥነ ምግባር ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። ክርክር ለተረታ ግን መንገዱ ይግባኝ ነው።