ከታክሲ ያወረድነው ልጅ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ሐሙስ ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ሚኒባስ አብረን ተሳፍረን ነበር። ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክር ነበር፤ ማንንም አልነካም። ሾፌሩ የቴፑን ድምፅ ከፍ ሲያደርገው ግን ልጁ ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፍኖ ይጮህና ጭንቅላቱን ከመስኮቱ ጋር ያጋጭ ጀመር። እናቱ «እባካችሁ፣ ድምፁን ብቻ ቀንሱልኝ» አለች። የቀነሰላት አልነበረም። ከኋላ አንዲት ሴት «ምነው ጸበል ብትወስጂው» አለቻት፤ አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ቅጣት አጥቶ ነው፤ የእናት ልጅ» ብሎ ሲስቅ፣ ብዙዎቻችሁ አብራችሁት ሳቃችሁ። ረዳቱ ሲኤምሲ ሳንደርስ አስቁሞ አወረዳቸው፤ ሂሳቡን ግን ቀድሞ ተቀብሏል።

አንድ ቁልፍ ማዞር አቃተን!

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐኪሞችም የኦቲዝም፣ ማለትም እንደዚህ ልጅ ያለው የአንጎል ዕድገት ልዩነት፣ መንስኤ የእናት ፍቅር ማጣት ነው እያሉ እናቶችን ይወቅሱ ነበር። ስሕተቱን ካረሙት ቆይተዋል፤ እኛ ግን ያንኑ ፍርድ ዛሬም በታክሲ ውስጥ እንሰጣለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም ነበረበት። እንዲህ ያሉትን ልጆች በየሰፈራችን የማናያቸው፣ እናቶቻቸው እንዲህ ያለውን ጉዞ ስለሚያውቁት ይሆናል።

እኔስ? ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። የልጁ አንጎል ዕድገት ከብዙዎቻችን የተለየ መሆኑን፣ እኛ የለመድነው ድምፅም እሱን እንደ ሕመም ሊያሠቃየው እንደሚችል አንብቤ አውቃለሁ። ለልጇ ትምህርት ቤት አጥታ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ በ2021 ስታርፍ ፎቶዋን አጋርቼ «እናታችን» ብዬ ጽፌያለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን ልጁ እንዳይነካኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብሁ፤ እናቱም አየችኝ። ባላውቅ ኖሮ ከእናንተ ጋር እኩል በሆንሁ ነበር፤ እያወቅሁ ዝም በማለቴ ግን ከሳቁት እብሳለሁ።

ሰኞ በዚያው መስመር ስሄድ ሾፌሩን ድምፁን እንዲቀንስ ለመንሁት። በመስታወቱ አይቶኝ «ራስህን አሞሃል?» አለና ቀነሰው፤ ከተሳፋሪው ቅር ያለው አልነበረም። ለካ ይቻላል። ሲኤምሲ አካባቢ ስንደርስ በመስኮት ፈለግኋቸው፤ አላየኋቸውም። ምናልባት አሁንም በእግራቸው ይሄዱ ይሆናል፤ ምናልባትም አንድ ቀን ደግመው ይሳፈሩ ይሆናል።