ለምች ዳማከሴ፣ ለሁሉም ራም

አያቶቻችን ምስኪኖች ነበሩ። ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም እያሉ በሽታን ከበሽታ ሲለዩ ዕድሜያቸውን ፈጁ። የከተማችን የኮምፒውተር ሊቃውንት ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ገላግለውናል። መድኃኒቱ አንድ፣ ራም የሚሉት የኮምፒውተር ጊዜያዊ የሥራ ማስታወሻ ነው፤ ምርመራም አይሻም፦ «ራም ይጨመርበት!»

ባለፈው ማክሰኞ ከእህቴ ልጅ ጋር ላፕቶፗን ይዘን ከስታዲየም ወደ ለገሀር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ ገባን። ላፕቶፑ በ2005 ዓ.ም. የተገዛ ነው። እስኪነሣ አቦል ይጠጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፏ እስኪከፈት ደግሞ በረካው ይደርሳል። ባንኮኒው ላይ የተደገፉ አንድ ሰው (ባለቤት አይደሉም፣ ሠራተኛም አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሱቅ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም) የላፕቶፑን ክዳን እንደ ትኩሳታም ሕፃን ግንባር በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ራሙ ስንት ነው?»

«4 ጊጋ።»

«በ4 ጊጋ እስካሁን መቆየቱ ራሱ ተአምር ነው! 8 አድርጊበት የኔ ልጅ።»

ጥበባቸው በእኛ አላበቃም። ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር ተሸክሞ ለመጣው ወጣት ራም አዘዙ። ኢንተርኔት ለተንቀራፈፈባቸው እናት ራም አዘዙ። የኪቦርዱ «ሀ» አልሠራ ያለው መምህር ሲመጣ ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ራም ሲያንሰው ፊደል ይረሳል» አሉት። ልቤ ተማረከ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ የሚለው የቧንቧ ውሃችን፣ ሜክሲኮ ላይ እንደ ዘንዶ የሚጠመዘዘው የታክሲ ሰልፍ፣ ለሰባት ዓመት ያላለቀው የጎረቤቴ አጥር ሁሉ ታየኝ። ለካ 8 ጊጋ ጎድሏቸው ኖሯል! ለዕቁባችን ሰብሳቢም አንድ ልገዛ አስቤ ነበር፤ የማን ዕጣ እንደወጣ ቶሎ ቶሎ ይረሳል።

ሻጩ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት አመጣ። ላፕቶፑ የሚቀበለው ዲዲአር3 ነው። የላፕቶፕ ዲዲአር3 ባለ 204 እግር ሲሆን ዲዲአር4 ባለ 260 ነው፤ ከሥሩ ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያል፤ ይህ የተደረገው ሰው እንዳይሳሳት ነበር። የእኛ ሊቅ ግን በዚህ ዓይነቱ የፈረንጅ ንፍገት አይረቱም። «ገፋ አድርገው፣ ይገባል!» አሉ። አልገባም። ጥፋቱ ራም የሚሰካበት ሰሌዳ፣ የማዘርቦርዱ ሆነ።

ልጅቷ እኮ የያዘችው ጽሑፏን ለማሳተምና ለማስጠረዝ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ነው! ሁለት ብሎን ፈትቶ ዓይነቱን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ማዘርቦርዱ እስከ ስንት ጊጋ እንደሚሸከም ማጣራትስ? ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ቢጨመርለት አይጠቀምበትም፤ ይህን ሳይጠይቁ 8 መሸጥ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የሚያዘግመው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ከሆነም የሚያስፈልገው ራም ሳይሆን ፈጣኑ ማከማቻ፣ ኤስኤስዲ ነው። ይህን ሁሉ ሳያዩ ይሸጣሉ፤ ከራሳቸው በላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል።

ቦርሳዋ ውስጥ የገባውን እጇን ያዝኩት። ባዶ እጃችንን ላለመውጣት አንድ ማውስ ገዛን። ደረሰኝ የሚያወጣው የሱቁ ኮምፒውተር ግን ደርቆ ቀረ። ሻጩ መታው፣ ለመነው፣ አጥፍቶ አበራው። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ እኔም በተራዬ ለምን አልረዳም ብዬ፣

«ራም ቢጨመርበትስ?» አልኩ።

ሊቁ ከባንኮኒው ቀና ብለው በንቀት አዩኝ።

«ጋሼ፣ ሳይከፍቱት በምን አወቁ?»