«ሰነፍ»ም እኮ ስም ነው

ጠዋት ነው። የስምንት ዓመቱ ልጄ ሸሚዙን እየቆለፈ ነው። የመጀመሪያው ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ እሱ ግን አላየውም። ታች ሲደርስ አንድ ቁልፍ ይተርፈዋል። ሁሉንም ይፈታና እንደገና ከላይ ይጀምራል። የስድስት ዓመት እህቱ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትጠብቀናለች። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ሲያድግ ይተወዋል» ስል ኖሬያለሁ። ዘመድ ሁሉ የሚለውም ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የራሱ አባባል ነበረው፦ በየደብተሩ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ «ተጠንቅቀህ ጻፍ»።

ነገሩ ዲስፕራክሲያ ይባላል። ጡንቻው ሰንፎ ወይም ማሰብ አቅቶት አይደለም። አንጎል እንቅስቃሴን የሚያቅድበትና የሚያቀናጅበት መንገድ ላይ ያለ ችግር ነው። እኛ ሳናስበው የምናደርገውን እሱ በየቀኑ እያሰበ ያደርገዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 11 ዓመት ካሉ ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶው ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገልጻል። ሠላሳ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው።

አስተማሪዎችን በጣም የሚያሳስታቸው አንድ ነገር አለ። ልጄን ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ጠይቁት፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ይተርክላችኋል። እስክሪብቶ ስጡት፤ ሁለት መስመር ጽፎ እጁን ያሻል። ይህን ያየ ሰው «አውቆ ነው» ቢል አይገርምም። ትናንት የቻለው ዛሬ ሲያቅተው ጥርጣሬው ይብሳል። ግን እንዲህ መለዋወጡ ራሱ የችግሩ ጠባይ ነው።

ምርመራ ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ «ለምን በልጅነቱ ስም ይለጠፍበታል?» የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ፤ በደግነት ነበር የመሰለኝ። ልጁ ግን ስም እስክናወጣለት አልጠበቀም። ክፍል ውስጥ ዝርክርክ፣ ኳስ ሜዳ ላይ መጨረሻ የሚመረጥ፣ ቤት ውስጥ ግዴለሽ ሆኗል። አንድ ማታ ውሃ ሲደፋ ቀና ብሎ ሳያየኝ «እጄ ደደብ ነው» አለ። ከዚህ የከፋ ምን ስም ሊለጠፍበት ይችላል?

ስለዚህ መርምሩ። ትንንሽ ልጆች እንቅስቃሴን የሚለምዱበት ፍጥነት ስለሚለያይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራው ከ5 ዓመት በፊት አይሰጥም። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ የዓይን፣ የነርቭ ወይም የጡንቻ ችግር አለመሆኑን ያጣራል። (ልጁ ቀድሞ ይችለው የነበረውን እየረሳ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።) ቀጥሎ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መልበስና መጻፍ ያሉ የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የሚያለማምድ ባለሙያ) ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይፈትነዋል። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ሙቭመንት ኤቢሲ የሚባለው ፈተና ነው፦ ክር በቀዳዳ ማስገባት፣ ኳስ መቅለብ፣ በአንድ እግር መቆም። ውጤቱ ከእኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል። ትኩረት የማጣት ችግር ብዙ ጊዜ አብሮት ስለሚመጣ እሱንም ጠይቁ።

ባዶ እጃችሁን ግን አትሂዱ። «ትንሽ ይደናቀፋል» ብላችሁ ከገባችሁ «ያድጋል» ተብላችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ለሁለት ሳምንት ጻፍኩ፦ ሸሚዝ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ማንኪያ ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ የቤት ሥራ ላይ አለቀሰ። ሐኪሙን ያነቃው ያ ወረቀት ነው።

የሚያድን መድኃኒት የለውም። የሚረዳው ያቃተውን ሥራ ራሱን፣ ቁልፉን ከሆነ ቁልፉን፣ በትንሽ በትንሹ ማለማመድ ነው። ቴራፒስቷ አላሳየችውም፤ «ምን ብታደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችው። አስቦ አስቦ «ከታች ልጀምር፤ ታች ይታየኛል» አለ። ሁለት ዓመት ስቆልፍለት ይህ ለእኔ ብልጭ አላለልኝም።

ትምህርት ቤቶች ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። «መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት አምጡ» ይላሉ። ለምን? ከሰሌዳ የሚገለበጠውን አትሞ መስጠት፣ ፈተና ላይ አሥር ደቂቃ መጨመር፣ እግሩ መሬት የሚነካበት ወንበር መፈለግ የማንን ፊርማ ይጠይቃል? ልጁ ችግሩ ባይኖርበት እንኳ ማንም የሚጎዳ የለም። ወረቀቱ እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እሱ ግን ነገም ደብተር ይዞ ይገባል።

እኛ ጋ ቀዩ እስክሪብቶ ገና አልጠፋም። ባለፈው ሳምንት ግን በግማሽ ከቀረ መልስ ሥር ሌላ ነገር አነበብኩ፦ «ቀሪውን በቃል ጠይቄዋለሁ፤ ሁሉንም ያውቃል።»