ስፓይደርማን ላይ ግራፊክስ አልተቀነሰም

ወንድሜ፣ «የ2018ቱን የስፓይደርማን ጌም ግራፊክሱን (የምስሉን ጥራት) ቀንሰው ነው የሸጡልን» ብለሃል። ባህር ዳር ውስጥ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ የሚወራ ነገር ነው፣ ግን ልክ አይደለም።

ወሬው የተነሳው ከአንድ ኩሬ ነው። በ2017 በታየው ቪዲዮ ወለሉ ላይ ሰፊ ውሃ ነበር፣ ጌሙ ሊወጣ ሲል ደግሞ ያው ቦታ ውሃው አንሶ ታየ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ «ተታለልን» ብሎ ተነሳ። የሠራው ኢንሶምኒያክ ጌምስ ያኔውኑ መልስ ሰጥቷል፤ የኩሬው መጠን ተቀየረ እንጂ የተቀነሰ ጥራት የለም። ኧረ በኋላ ፎቶ ሞዱ (ጌሙ ውስጥ ፎቶ የምታነሳበት ክፍል) ላይ የኩሬ ስቲከር ሁሉ ጨምረውበታል! ክረምት ላይ የጣና ዳሩን አስፋልት አስበው፦ ዛሬ ውሃ ተኝቶበት ዘንባባው ቁልጭ ብሎ ይታይበታል፣ ነገ ይደርቃል፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

ጌሙ ጉድለት የለውም እያልኩ አይደለም፣ አለው እንጂ። የስፓይደርማንን ወዳጅ ኤምጄን (ሜሪ ጄንን) ይዘህ ተደብቀህ የምትሄድባቸው ክፍሎች በጣም ያሰለቻሉ። በድር እየተወነጨፍክ ቆይተህ ድንገት ቀስ ብለህ ከሳጥን ጀርባ ማጎንበስ፣ ካዩህ ደግሞ እንደገና መጀመር። 55 ቦርሳ ልቀም ይልሃል፣ በየሰፈሩ ያለው ወንጀልም ተመሳሳይ ነው፤ መኪና አሳድድ፣ ዘራፊ ደብድብ፣ እንደገና መኪና አሳድድ። ለእኔ ትልቁ ድክመት ይሄ ድግግሞሽ ነው። በሰዓት እየከፈለ ለሚጫወት ልጅ ደግሞ ገንዘቡን የሚበላው ይሄው ነው። ስለዚህ ቅሬታህን እዚህ ላይ አድርገው፣ ኩሬውን ተወው።